የኢምዳድ ነፋስ

እኔ ተአምር ሲባል ቶሎ የማምን ሴት አይደለሁም። ከገበያው ማዶ አንዲት ፍየል አምስት እግር ያለው ግልገል ወለደች ተብሎ ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ፣ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሽንኩርቴን እልጥ ነበር። የአዲ ሰብሃጊን ማራገቢያ ነገር ግን "ጃሙል፣ አጋነንሽው" የሚለኝ ሰው ካለ ዓይንህን ላፈር እለዋለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠገቧ ነበርኩና።

ሰብሃጊ ጎረቤቴ ናት፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ሰፈሩ በሙሉ "አዲ" ይላታል፣ እህታለም እንደ ማለት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ሴት ልጇን ሺካርፑር ድራለች። አንድ ወንድ ልጅ ነበራት፣ ኢምዳድ የሚባል፣ ረጅም ቀጭን፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ። ጡብ መተኮሻው ጋ ይሠራ ነበር። በአንድ ሰኔ ከሥራ ሲመለስ ሙቀት መታውና መንገድ ላይ ወደቀ። የጃኮባባድ ሰኔ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ለማያውቅ ደግሞ ብነግረው አያምነኝም። ልጁ የወደቀው ከአንድ ትልቅ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ውስጡ ጥላ ነበረ፣ ውሃ ነበረ፣ ማራገቢያ ይዞር ነበረ፤ በሩ ግን ዝግ ነበር። ሰው ደርሶ ሲያነሳው ነገሩ አልቆ ነበር።

ሰብሃጊ ለቅሶውን ከጨረሰች በኋላ ፍየሎቿን ሸጠችና ትልቅ የጣሪያ ማራገቢያ ገዝታ ለሰፈራችን መስጊድ ሰጠች። እኛ ዘንድ እንዲህ ይደረጋል። ለሞተ ሰው ማራገቢያ ይሰጥለታል፣ ክንፉ ላይ ስሙ ይጻፋል፣ ከሥሩ የሚሰግድ ሰው ላቡ በደረቀለት ቁጥር ምንዳው ለሟቹ ይደርሳል። "ልጄ ነፋስ አጥቶ ሞተ፤ አሁን ነፋስ ይስጥ" አለች። ይህን ስትል ቤቱ ውስጥ የነበርን ሴቶች ቀና ብለን ልናያት አልቻልንም።

ስሙን የጻፈው የጭነት መኪና ላይ ሥዕል የሚስለው ሰውዬ ነበር። በቀይ ቀለም "ለኢምዳድ" ብሎ አሳምሮ ጻፈና፣ እጁ ልማድ ሆኖበት፣ ከስሙ ጫፍ አንድ አረንጓዴ በቀቀን ጣል አደረገ። ኢማሙ ሲያዩት ራሳቸውን ያዙ፤ መስጊድ ውስጥ በቀቀን እንዴት ተደርጎ። ሰውዬው ዓይኑንና እግሩን በቀለም ሸፍኖ፣ መሐሉ ላይ መስመር አስምሮ ቅጠል አደረገው። ቅጠል ነው ተብሎ ተሰቀለ። እኔ ግን መንቁር ያለው ቅጠል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼ አላውቅም።

እኛ ሰፈር ሴት መስጊድ አትገባም። ስለዚህ ሰብሃጊ ማራገቢያዋ ሲዞር አይታው አታውቅም። አርብ አርብ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ በመስጊዱ መስኮት በኩል ቀስ ብላ ታልፍና ድምፁን ሰምታ ትመለሳለች። ከዚያ በአንዱ ዓመት ለኢድ ተብሎ የመስጊዱ ማራገቢያዎች በሙሉ ነጭ ተቀቡ፤ የሟቾቹ ስም ሁሉ ከቀለሙ ሥር ቀረ። ቆይቶ አንድ ነጋዴ የአየር ማቀዝቀዣ ለገሰና ማራገቢያዎቹ ወረዱ። "ለገጠር መስጊዶች ተላኩ" አሏት። "እሺ፣ እዚያም ሰው ይሞቀዋል" አለች።

ዘንድሮ ደግሞ የራሷ ቤት ማራገቢያ ተራው ደረሰና ቀጥ አለ። ለሰርጓ የመጣ፣ ከእሷ ጋር ያረጀ ማራገቢያ ነው። የእኔ ባል ሉቅማን ሥራው ባጃጅ መንዳት ቢሆንም፣ መሰላል ስላለው ብቻ ሰፈሩ ሁሉ ኤሌክትሪክ ያውቃል ይለዋል። ወጥቶ አሸተተው።

"አዲ፣ ይኼ ሞቷል" አላት። "ሽቦው ስንቴ ተጠቀለለ? የቀረው መቅበር ነው። አዲስ ግዢ፣ መብራት ያለው፣ በርቀት የሚታዘዝ።"

"የዘንድሮ ማራገቢያ እንደ ዘንድሮ ሙሽራ ነው፤ ማብለጭለጭ እንጂ አይሠራም" አለችው። "ቆራሌው ዲልሙራድ ጋ የድሮዎቹ አሉ ይላሉ። ጃሙል ትውሰደኝ።"

የዲልሙራድ ግቢ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። የዛገ ብስክሌት፣ የተጣመመ በር፣ ታች የሌለው ባልዲ፣ የሌለ ነገር የለም። ማራገቢያዎቹ በአንድ በኩል ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ሁሉም ነጭ ናቸው፣ ሁሉም አቧራ ለብሰዋል። ከግቢው መሐል ዲልሙራድ ከብረት የበየደው ረጅም መስቀያ አለ፤ ለደንበኛ እዚያ እየሰቀለ አሽከርክሮ ያሳያል።

"አዳ ዲልሙራድ፣ ወንድም ዓለም፣ አልጋ አለህ?" አለችው ሰብሃጊ።

"አዲ፣ ልትገዢ የመጣሽው አልጋ ነው ማራገቢያ?"

"ማራገቢያ ነው። ግን የምመርጠው ተኝቼ ነው።"

ዲልሙራድ ወደ እኔ ዞረ። "እህትሽ ደህና ናት?"

"ከአንተ ትሻላለች። አልጋውን አምጣ" አልኩት።

"ማራገቢያ ቆሞ የመረጠ ቆሞ ይደር" አለች ሰብሃጊ። "እኔ የምፈልገው የሚያስተኛኝን ነው።"

እሱ ራሱ ከቀትር በኋላ የሚጋደምበትን የገመድ አልጋ ጎትቶ ከመስቀያው ሥር አደረገው። ወንዶች የሚወጡበት የሚገቡበት ግቢ ነው፤ እፍረቱ እኔን ያዘኝ። እሷ ምን ገዷት፣ ጫማዋን አውልቃ በጀርባዋ ተንጋለለች፣ አጅራክ የሚባለውን ባለ ጥለት ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች፣ "በል አምጣ" አለች። እኔ እንደ ዘበኛ ራስጌዋ ቆምኩ።

የመጀመሪያው ተሰቀለ። ጥቂት ዞረ። "ይኼ ሆዴ ላይ ብቻ ነው የሚያፈሰው፤ እግሬን ረሳው። አውርደው።"

ሁለተኛው ተሰቀለ። "ይኼ ያጉረመርማል። ባሌ እንዲህ ነበር። አውርደው።"

"ባልሽን ግን አላወረድሽውም" አለ ዲልሙራድ እየሳቀ።

"እሱን አላህ አወረደው። ቀጥል።"

ሦስተኛው ነፋሱ ጥሩ ነበር፤ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። "ከዚህ ሥር የተኛ ሰው ሲነጋ በሕይወት ልነሳ ይሆን እያለ ያድራል" አለች። ዲልሙራድ ላቡን እየጠረገ አወረደው። ምላሱ ግን አላረፈችም፤ ሴት ልጅ ስትዳር እንኳ እንዲህ ዓይነት ምርጫ የለም፣ ይኼን ያህል ብትመርጪ ኖሮ ያጉረመረመብሽን ሰውዬ ባላገባሽ፣ እያለ አራተኛውን ሰቀለ።

አራተኛው ዞረ። ሰብሃጊ ምንም አላለችም።

የሻሿ ጫፍ ከራስጌ በኩል ብድግ አለ፣ ከግርጌም ብድግ አለ፣ እኩል። ነፋሱ አልጋውን አልፎ እኔ እስከቆምኩበት ድረስ መጣ፣ ከኋላዬ ያለው የወረቀት ክምርም ተንሿሿ። ጠበቅን። ዲልሙራድ "እሺ? ይኼስ ማንን ይመስላል?" አላት። መልስ የለም። ጎንበስ አልኩና አየኋት። ተኝታለች። አፏን ከፈት አድርጋ፣ እጇን ደረቷ ላይ ጥላ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ተኝታለች።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ኢምዳድ ከሞተ ወዲህ ያቺን ሴት ቀን ላይ ተኝታ አይቻት አላውቅም። ሌሊትም ቢሆን በግድግዳው በኩል ስትንቆራጠጥ እሰማታለሁ። አሁን ብረት በሚቀጠቀጥበት፣ ሰው በሚጯጯኽበት ግቢ መሐል ጭልጥ ብላለች። ምላሱ የማያርፈው ዲልሙራድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ትተኛ" አለኝ። አንዱ ባልዲ ልሸጥ ብሎ እያንኳኳ ሲገባ ከበሩ ላይ መለሰው። እኔ በሕይወቴ ቆራሌው ዲልሙራድ ደንበኛ ሲመልስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

መብራት ሄደ። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ፤ እሷም ዓይኗን ገለጠች። ተነስታ ተቀመጠችና ዙሪያዋን አየች። "ይኼ ነው" አለች። ዋጋ አልተከራከረችም። ሰብሃጊ፣ ለአንድ እፍኝ ቃሪያ ገበያውን የምታምስ ሴት፣ የተባለችውን ከፍላ ወጣች።

ቤት ስንደርስ ሉቅማን መሰላሉን አቁሞ ጠበቀን። እሷ ግን "ሳይታጠብ ቤቴ አይገባም" ብላ ማራገቢያውን ግቢዋ ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር አስቀመጠች። ሙቅ ውሃና አመድ አቅርባ ክንፎቹን ትፈትግ ጀመር። ያ ነጭ ቀለም ድሮም በችኮላ የተቀባ ነውና እየተላጠ ይወርድ ጀመር። እኔ ምስሬ እሳት ላይ ነበርና ልሄድ ስነሳ ጠራችኝ።

"ጃሙል፣ ነይማ።"

ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ተመልሼ ሄድኩ። ከነጩ ቀለም ሥር አንድ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። ቅጠል ነው። መንቁር አለው።

ጨርቁን ከእጇ ወስጄ እኔ ፈተግኩት። ቀዩ ወጣ፤ አንድ ፊደል፣ ሌላ ፊደል። እሷ ማንበብ አትችልም፤ እኔ እችላለሁ፤ ያን ቀን ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ሉቅማን መሰላሉን እንደያዘ "ምን ይላል?" ሲል ነው "ኢምዳድ ይላል" ያልኩት።

ሰብሃጊ አላለቀሰችም። መዳፏን ስሙ ላይ አድርጋ ብዙ ጊዜ ቆየች። "ሲዞር አይቼው አላውቅም ነበር" አለች። ቆይታ ደግሞ "ዛሬ ከሥሩ ተኛሁ" አለች።

እኔ ራሴን ላረጋጋ ሞከርኩ። ማራገቢያዎቹ ሁሉ ከእኛው መስጊድ የወጡ ናቸው፤ ገጠር የሚባለው ነገር ውሸት ነበር፤ ከእነዚያ አንዱን መምረጧ አይቀርም፤ ያ አንዱ ይኼ ሆነ፤ አለቀ። እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ልክ ነው። ግን እንቅልፉስ? እንቅልፉን ማን ያስረዳኝ?

"በሉ ልስቀለው" አለ ሉቅማን።

"አትሰቅለውም" አለች።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ ዘንድ ለአላህ የሰጡትን ነገር መልሶ መግዛት ትልቅ ነውር ነው። ገበያ ላይ ቢያገኙት እንኳ ዞር ብለው ማለፍ ነው። እሷ ደግሞ ሳታውቅ ተኝታ መርጣ፣ ገንዘቧን ከፍላ፣ በባጃጅ ጭና አመጣችው። "እኔ ከሥሩ ብተኛ ነፋሱ የእኔ ሆነ ማለት ነው" አለች። "ለልጄ የሚደርሰው ምንድን ነው ታዲያ? በገዛ እጄ አቋረጥኩበት።"

ወደ ኢማሙ ቤት ሄድን። ሽማግሌ ናቸው፣ ደግ ሰው ናቸው። ማራገቢያዎቹ ቆራሌው ግቢ መገኘታቸውን ስትነግራቸው አንገታቸውን ደፉ። "እኔንም ለገጠር ተላኩ ነው ያሉኝ" አሉ። ከዚያ "ልጄ፣ ሳታውቂ ነው የገዛሽው፤ ኃጢአት የለብሽም። ስቀይው፣ ተኚበት" አሏት።

"ለኢምዳድስ ይደርሰዋል ወይ፣ ሳይን?" አለቻቸው፤ ሳይን ጌታዬ እንደ ማለት ነው።

"እሱን አላህ ነው የሚያውቀው። አዎ ብዬ ብዋሽሽ ምን ይጠቅምሻል? ከፈለግሽ ሌላ መስጊድ ፈልገን እንስጠው።"

"ሳይን፣ አይቆጡኝና፣ አንድ ጊዜ ሰጥቼ ከቆራሌው ጋ አገኘሁት። ካሁን በኋላ የምሰጠው በዓይኔ ለማየው ቦታ ነው።"

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ ተናደድኩ። ሙቀቱ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ እሷ ማራገቢያ ገዝታ ያለ ማራገቢያ ልታድር ነው። "አዲ፣ ኢማሙ ከፈቀዱ አንቺ ማነሽ?" አልኳት። "ከራስ በላይ ነፋስ ነው የሚባለው። ለራስሽ እዘኚ።"

"ነፋሱ የእኔ አይደለም አልኩሽ እኮ" አለችና በሯን ዘጋች።

በማግስቱ ጠዋት ሳህኖቼ ከመደርደሪያው ዘለው ወረዱ። ግድግዳችን አንድ ነው ብያለሁ። ሮጬ ስወጣ አንድ ግንበኛ የሰብሃጊን መኝታ ክፍል በመንገዱ በኩል በመዶሻ እያፈረሰ ነው። እሷ አቧራው ውስጥ ቆማ እዚህ ጋ፣ እዚያ ጋ ትለዋለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ቤትሽ ምን አደረገሽና ነው የምታፈርሺው?"

"ኦታቅ ልከፍት ነው።"

ኦታቅ ማለት በሩ ወደ መንገድ የሆነ፣ ማንም አላፊ አግዳሚ ገብቶ የሚያርፍበት የእንግዳ ክፍል ነው። ኦታቅ ያለው ወንድ ነው፣ ያውም መሬት ያለው፣ ጺም ያለው፣ ስም ያለው ወንድ። መበለት ኦታቅ ከፈተች ሲባል በእኛ አገር ተሰምቶ አይታወቅም።

"ሰው ምን ይላል?" አልኳት።

"የፈለገውን ይበል።"

"የማን ኦታቅ ነው ሊባል ነው? ሴት ኦታቅ የላትም።"

"የኢምዳድ ኦታቅ ነው።"

"አዲ፣ ኢምዳድ እኮ የለም።"

"ታዲያ እንግዳ መቀበል ያቅተዋል?" አለችኝ። እኔ ሳህኖቼን ልለቅም ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ግንበኛው የበሩን ቀዳዳ አስተካክሎ ሲጨርስ "መዝጊያው የታለ?" ብሎ ጠየቃት። "መዝጊያ የለውም" አለችው። ሉቅማን ገብቶ ማራገቢያውን ከጣሪያው መንጠቆ ላይ ሰቀለው። የገመድ አልጋ መሐል ላይ አደረገች፣ ምንጣፍ በየግድግዳው ሥር ዘረጋች፣ እንስራ ሙሉ ውሃ ጥግ ላይ አቆመች። የራሷን አልጋ ግቢው ውስጥ ከኒሙ ሥር አወጣች፤ የቀራት አንድ የዘንባባ የእጅ ማራገቢያ ነው።

በዚያ መንገድ የሚያልፉት የጡብ ሠራተኞች መጀመሪያ ፈሩ። የሴት ቤት ነው ብለው ከማዶ ቆመው ያዩ ነበር። ከዚያ አንድ ሸበቶ ሠራተኛ ደፍሮ ገባ። በማግስቱ ጓደኞቹን አመጣ። ከዚያ ወዲያ በቀትር እዚያ ክፍል እግር መጣያ አይገኝም፤ ጡብ ያቀላቸው ልብሶች፣ የተሰነጣጠቁ ተረከዞች፣ ማንኮራፋት። ሰብሃጊ ከበሩ ውጭ ጥላው ላይ ተቀምጣ በእጅ ማራገቢያዋ እያራገበች ታዳምጣለች። የምትገባው ለመጥረግ ብቻ ነው። እና እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልትጠርግ ስትገባ ማራገቢያውን ታጠፋዋለች። ጠርጋ ስትወጣ ታበራዋለች። ይህን ያየሁ ዕለት ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ።

በዘንድሮው ሰኔ ሰማዩ ራሱ ነደደ። ወፎች ከዛፍ ላይ ይወድቁ ነበር። አንድ ቀን በቀትር ሠራተኞቹ አንድ ወጣት ተሸክመው እየሮጡ መጡ። ዓይኑ ተገልብጧል፣ ቆዳው ደርቆ ይፋጃል። የኢምዳድ ነገር ነው እንደገና የመጣው። ሰብሃጊ አየችው፤ ፊቷ ላይ ያለፈውን ልነግራችሁ አልችልም። ግን አልቆመችም። "አልጋው ላይ፣ ከሥሩ አስተኙት" አለች። ልብሱን በውሃ አራሱት። እሷ ከቧንቧው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ቧንቧው ባልዲ ይዛ ትሮጣለች፤ እኔም እሮጣለሁ። በሩ ላይ ስትደርስ ባልዲውን ለወንዶቹ ትሰጣለች እንጂ አትገባም።

ብዙ ቆይቶ ልጁ ተንፈስ አለ። ውሃ ጠጣ። ጣሪያውን እያየ "የማን ቤት ነው?" አለ።

"የኢምዳድ ነው" አለችው ከበሩ ላይ። "ተኛ።"

"እሱስ የት አለ?"

"ወጣ ብሏል። አንተ ተኛ።"

ልጁን ከአልጋው አውርደው ግድግዳው ሥር ምንጣፍ ላይ አስቀመጡት። እኔ እፎይ ብዬ ዞር ስል ሰብሃጊን አየኋት። ደፉ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ ላብ የለም። ይህን ሁሉ ሮጣ አንዲት ጠብታ ላብ የለባትም፣ ግንባሯን ስነካው እንደ ምጣድ ነው። የዚያ ምልክት ምን እንደሆነ እኛ አገር ሕፃንም ያውቀዋል።

"አዲ፣ ተነሺ። ግቢና ተኚ።"

"አይሆንም።"

"ልጅሽ በር ተዘግቶበት ሞተ። አንቺ ክፍት በር ላይ ልትሞቺ ነው?" ብዬ ጮኽኩባት።

"የሰጠሁትን አልወስድም፣ ጃሙል" አለች። ድምፅዋ ከሩቅ ነው የሚመጣው።

ይህን ጊዜ ያ ሸበቶ ሠራተኛ ተነስቶ ወደ በሩ መጣና ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ። "እማ፣ ይኼ ኦታቅ የማን ነው አልሽን?"

"የኢምዳድ።"

"እንግዲያው ያንቺ አይደለም። ያንቺ ካልሆነ ደግሞ አንቺም እንደኛው ነሽ፤ ፀሐይ መትቶሽ ከመንገድ የመጣሽ እንግዳ ነሽ። የኢምዳድ ኦታቅ እንግዳ መልሶ ያውቃል?"

ሰብሃጊ ቀና ብላ አየችው። ሰውዬው ወደ ውስጥ ዞሮ "ለእንግዳ ቦታ ልቀቁ" አለ። ሁሉም ብድግ ብለው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። አልጋው ባዶውን ቀረ፤ ማራገቢያው ከላዩ ይዞራል።

እጄን ይዛ ተነሳች። ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ በገዛ ቤቷ፣ ራሷ ባስከፈተችው በር ላይ ቆማ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ "ቤቶች" ብላ ተጣራች።

"ይግቡ" አሉ ወንዶቹ ባንድ ድምፅ።

ገባች። በጀርባዋ ተንጋለለች፣ አጅራክ ሻሿን እኔ በውሃ ነክሬ ሰጠኋት፣ ፊቷ ላይ ጣል አደረገችው። የሻሹ ጫፍ ከራስጌም ከግርጌም እኩል ብድግ አለ። ብዙም ሳትቆይ ትንፋሿ ረዘመ። እጄን ግንባሯ ላይ አድርጌ ቆየሁ፤ ላብ ጠብ ሲል መዳፌ ላይ ተሰማኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ላብ ደስ ያለኝ ነገር የለም።

መብራት ሄደ።

ማራገቢያው መዘግየት ጀመረ። የማይታየው ክንፍ መታየት ጀመረ፣ ቀዩ ስም መጣ፣ ሄደ፣ እንደገና መጣ፣ ያ መንቁር ያለው ቅጠልም ከኋላው። ዲልሙራድ ግቢ የሆነው ትዝ አለኝና ደነገጥኩ፤ ነፋሱ ሲቆም ትነቃለች። ሸበቶው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገልኝ። በእግር ጣቱ ሄዶ ከበሩ ሥር የወደቀውን የዘንባባ ማራገቢያ አነሳና ራስጌዋ ቆሞ ያራግብ ጀመር። ሌላው ጥምጣሙን ፈትቶ ግርጌዋ ቆመ። ሌሎቹም በሻሻቸው፣ በሸሚዛቸው ጫፍ እያራገቡ አልጋውን ከበቡ። ያ ሙቀት የመታው ልጅ እንኳ ቁጭ ብሎ የእንስራውን ክዳን ያራግብላት ነበር። ሰብሃጊ አልነቃችም። መብራት እስኪመጣ ድረስ አንዳቸውም እጃቸውን አላወረዱም።